ሚስ አግነስ ለምን አልተሳፈረችም

[ቢቸና መናኸሪያ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። «ሞጣ» የሚል ታፔላ በለጠፈ ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጋሼ እንዳለው አርባዎቹን ያጋመሰ አስተማሪ ነው፤ በልጅነቱ ደብረ ወርቅ አምስት ዓመት ቅኔ ተምሯል፤ ይህንንም የማያውቅ ሰው ቢቸና ውስጥ የለም፣ ራሱ ነግሮ ጨርሷልና። ወይንእሸት ደግሞ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ የሁለት ዓመት ልጇን ለአማቷ ሰጥታ ነው የመጣችው። ሁለቱም እንግሊዝኛ በርቀት ይማራሉ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ሞጣ ከመምህርት ፅጌረዳ ፊት ቆመው ሞጁላቸው ውስጥ ስላለው አንድ አጭር ልቦለድ ማስረዳት አለባቸው። ክርክሩን የጀመሩት ገና ወደ መናኸሪያው ሲመጡ ነው።]

እንዳለው፦ የሴትዮዋ ጃንጥላ ጃንጥላ አይደለም አልኩሽ።

ወይንእሸት፦ ሞጁሉ ጃንጥላ ነው የሚለው ጋሼ። ገጽ አርባ አንድ። ጥቁር ጃንጥላ።

እንዳለው፦ መጻፉንማ ተጽፏል። የተጻፈውን ማንም ያየዋል፤ አንቺም አየሽው። እኔ የምነግርሽ ያልተጻፈውን ነው።

ወይንእሸት፦ ያልተጻፈው ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?

እንዳለው፦ ይኸው፣ ችግርሽ ይህ ነው። አንቺ ቃሉን ታነቢያለሽ፣ እኔ ዝምታውን አነባለሁ።

ወይንእሸት፦ እንኳንም መነጽርዎን ቤት ረስተው መጡ። ለዝምታ አያስፈልግም።

እንዳለው፦ [ሞጁሉን ጭኑ ላይ ዘግቶ እጁን ከላዩ አሳረፈ።] ስሚ። ይህ ልቦለድ የተጻፈው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የፈረንጅ ደራሲዎች ነገርን በግልጽ መናገር ትተዋል። ሰው ሞተ አይሉሽም፣ ሰዓቱ ቆመ ይሉሻል። ዓለም ተደበላለቀ አይሉሽም፣ ጭጋግ ወረደ ይሉሻል። ባጭሩ ቅኔ ነው። ሰም አለው፣ ወርቅ አለው። እኔ ደግሞ አምስት ዓመት ቅኔ ቤት የተቀመጥኩት ሰም ስለቅም አይደለም።

ወይንእሸት፦ እሺ፣ ሰሙን እኔ ልለቅምልዎት። ሚስ አግነስ የምትባል ሴት ባቡር ጣቢያ ሄዳ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠች። ቲኬት ቆርጣለች። ሦስት ባቡር መጣ፣ ሦስቱም ሄደ። አልተሳፈረችም። ሲመሽ ተነስታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አለቀ።

እንዳለው፦ አለቀ?

ወይንእሸት፦ አዎ። ከዚያ በኋላ ያለው «የመልመጃ ጥያቄዎች» ነው።

እንዳለው፦ ስለዚህ ምንም አልሆነም። አንድ ደራሲ ቁጭ ብሎ ምንም ያልሆነበትን ታሪክ ጻፈ፤ ማተሚያ ቤቱም ወረቀት በዝቶበት አተመው፤ እኔና አንቺም ከቢቸና ሞጣ ድረስ ለምንም እንሄዳለን።

ወይንእሸት፦ እኔስ ለምንም አይደለም የምሄደው። የቀረችኝ ይቺ ኮርስ ብቻ ናት። ዛሬ ካለፍኩ ዲፕሎማዬን እይዛለሁ፤ እዚህ ከተማው ውስጥ የወጣውን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቦታ አመለክታለሁ። ምዝገባው አርብ ይዘጋል። ዛሬ ከቀረሁ ደግሞ የሚቀጥለው ዙር በዓመቱ ነው። ዓመት ሙሉ ልጄን አዝዬ ወደ ትምህርት ቤቴ ያንን አቀበት ልወጣ ነው።

እንዳለው፦ አቀበት። አየሽ፣ እሱም ምልክት ነው።

ወይንእሸት፦ አቀበቱ አቀበት ነው ጋሼ። ሁለት ሰዓት ያስኬዳል።

[ተራ አስከባሪው ፋንታ መጣና በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። «ይህ መኪና ዛሬ አይሄድም፣ የጎማው ኩሽኔታ ተበልቷል። የሞጣ ሰው ወደዚያ ሰማያዊ አውቶብስ» ብሎ ሄደ። ወይንእሸት ቦርሳዋን አነሳች።]

እንዳለው፦ ወዴት ነው?

ወይንእሸት፦ አልሰሙም? አይሄድም አለ።

እንዳለው፦ ሰምቻለሁ። አንቺ ግን ከመስማት አላለፍሽም። ቁጭ በይ። ፋንታ ምን አለ? «ዛሬ አይሄድም» አለ። ለምን «ዛሬ» አለ? «አይሄድም» ብሎ አያቆምም? «ዛሬ» የምትለዋ ቃል ምን ልትሠራ ገባች?

ወይንእሸት፦ ቀኑን ልትነግረን ይመስለኛል።

እንዳለው፦ ሰሙ እሱ ነው። ወርቁ «ሰማያዊው ባዶ ነው፣ ሙሉልኝ» ነው። እኔ በዚህ መናኸሪያ ሃያ ዓመት ተመላልሻለሁ። አይሄድም ያሉት ይሄዳል። አሁን ይነሳል ያሉት ቀትር ላይ ይነሳል። ሞልቷል ያሉት ገና ስድስት ሰው ይጭናል። እዚህ ግቢ ውስጥ በቀጥታ የተነገረ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ወይንእሸት፦ እሱስ… እውነትዎን ነው።

[እውነትም ስላለበት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተመልሳ ተቀመጠች። ዓይኗን ግን ከሰማያዊው አውቶብስ አላነሳችም።]

እንዳለው፦ ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ገፀ ባሕርይ። አግነስ ማን ናት?

ወይንእሸት፦ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አላገባችም። ጓንቷ የተጣፈ ነው።

እንዳለው፦ አይደለችም። አግነስ የዘመናዊው ሰው ነፍስ ናት።

ወይንእሸት፦ ጓንቱስ?

እንዳለው፦ ነፍስ ስትቀደድ ትጣፋለች።

ወይንእሸት፦ ማን ጣፋት?

እንዳለው፦ ዘመኑ።

ወይንእሸት፦ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነው። ሞጁሉ ግን ራሷ ናት የጣፈችው ይላል፤ ቡናማ ክር ስላልነበራት በጥቁር።

እንዳለው፦ ጥቁር ክር። ሞት ማለት ነው። ጻፊው።

ወይንእሸት፦ ባለፈው የአባቱን ሹራብ ቆርጬ ለልጄ ስሰፋለት በጥቁር ክር ነው የሰፋሁት። ሱቁ ሰማያዊ አልነበረውም።

እንዳለው፦ እንግዲህ ጸሎት አድርጊለት።

ወይንእሸት፦ ሹራቡ ነው ወይስ ልጁ ነው ጸሎት የሚያስፈልገው?

እንዳለው፦ አንቺ ነሽ። ቀጥይ። መቼት። መጠበቂያ ክፍሉ ምንድን ነው?

ወይንእሸት፦ ምድጃ ያለበት ክፍል ነው።

እንዳለው፦ በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ስፍራ ነው።

ወይንእሸት፦ ሊሆን ይችላል። ግን ምድጃው ይነዳል። ገጽ አርባ ሁለት ላይ ደግሞ እቤቷ ከሰል ካለቀ ሦስት ቀኑ ነው ይላል። እኔ ሳነበው በከፊል ልትሞቅም የመጣች መስሎኛል። ቲኬት የያዘን ሰው ከዚያ ክፍል ማንም አያስወጣም።

እንዳለው፦ ልትሞቅ።

ወይንእሸት፦ ብርድ ነዋ። ጭጋግ ወርዷል፣ ዝናብ አለ፣ እግሯ ረጥቧል።

እንዳለው፦ የፈረንጅ ሊቅ ሠላሳ ገጽ የጻፈው አንዲት ሴትዮ እሳት ስትሞቅ ሊያሳየኝ ነው?

ወይንእሸት፦ ስድስት ገጽ ነው ጋሼ።

እንዳለው፦ ሲነበብ ስድስት፣ ሲፈታ ሠላሳ።

[ከኋላ የነበሩት ተሳፋሪዎች አንድ በአንድ ወርደው ወደ ሰማያዊው አውቶብስ አመሩ። መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ሁለት ዶሮ አንጠልጥላ ወረደች።]

ወይንእሸት፦ ዶሮዎቹም ወረዱ።

እንዳለው፦ ሕዝብ የሚሄደው ሕዝብ ወደሄደበት ነው። እነዚያ ደራሲዎች ብዕር ያነሱት በዚህ ላይ ነው። ከመንጋው ተለይቶ የሚቀር አንድ ሰው ያስፈልጋል።

ወይንእሸት፦ ሞጣስ የሚደርስ አንድ ሰው አያስፈልግም?

እንዳለው፦ እደርሳለሁ። አትቸኩዪ። የምትቸኩይው ላይ ላዩን ስለምታይ ነው።

ወይንእሸት፦ እሺ እንግዲህ፣ ጥልቁን ይንገሩኝ። ወንድሟን ምን ይሉታል?

እንዳለው፦ የማንን ወንድም?

ወይንእሸት፦ የአግነስን። ደብዳቤ የጻፈላትን።

እንዳለው፦ [ሞጁሉን ገለጠ፤ ራቅ አድርጎ ያዘው፤ ቀረብ አደረገው፤ መልሶ ዘጋው።] ወንድም ማለት በቅኔ አፈታት ቅርብ ሆኖ የማይቀርብ ነገር ነው።

ወይንእሸት፦ ምን ብሎ ጻፈላት?

እንዳለው፦ ምን ያላላት ነገር አለ ብለሽ ነው።

ወይንእሸት፦ ጋሼ፣ አንብበውታል?

እንዳለው፦ ማንበብና መፍታት ለየቅል ናቸው። ጎበዝ ፈቺ አንዲት መስመር ትበቃዋለች።

ወይንእሸት፦ የትኛዋ መስመር?

እንዳለው፦ የመጀመሪያዋ።

ወይንእሸት፦ የተረፉትን መስመሮች እኔ ልንገርዎት እንግዲያው፣ እንዲሁ ለጨዋታ። የወንድሟ ሚስት ታማለች። «ነይና ቤቱን ያዢልኝ፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ትንሿን ክፍል አስጠርጌልሻለሁ» ብሎ ጻፈላት። አግነስ እዚያች «ትንሿ ክፍል» ላይ ስትደርስ ታቆማለች። ሦስት ጊዜ ታነባታለች። ከዚያ የመጀመሪያው ባቡር መጣ፤ አልተነሳችም።

እንዳለው፦ እና?

ወይንእሸት፦ እናማ መሄድ አልፈለገችም። የቤት ሠራተኛ ልትሆን ነው፣ ያውም ደመወዝ የሌላት። ወንድሟ ስለሆነ ደግሞ አልመጣም ብላ መጻፍ አልቻለችም። ስለዚህ ቲኬት ቆረጠች፣ ጣቢያ መጣች፣ ተቀመጠች። ባቡሩ አመለጠኝ ልትለው ነው።

እንዳለው፦ ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው? ተጽፏል?

ወይንእሸት፦ ይህ ነው ያልተጻፈው። ግን ከተጻፈው አጠገብ ነው ያለው፣ ሩቅ አልሄድኩም። አክስቴን ይርጋነሽን ያውቋታል አይደል? ሮብ ገበያ ከተማ ያሉ ዘመዶቿ ለድግስ ሥራ በጠሯት ቁጥር መኪና ያመልጣታል። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ድግስ፣ ሦስት መኪና። ቤቷ ግን መናኸሪያው በር ላይ ነው።

እንዳለው፦ የአክስትሽን ነገር መምህርት ፅጌረዳ ፊት እንዳታነሺ አደራ። ሴትዮዋ ከአዋሳ ድረስ የመጣችው ሥነ ጽሑፍ ልታስተምር ነው፣ የቤተ ዘመድ ሐሜት ልትሰማ አይደለም።

[አንድ መካኒክ መጥቶ ሚኒባሱን በክሪክ አነሳና የኋላ ጎማውን ፈታ። መኪናው ዘመም አለ። እንዳለው ከላይ ያለውን መያዣ ጨበጠ።]

ወይንእሸት፦ ጎማውን አወለቁት።

እንዳለው፦ ሊቀይሩት ነው። መቀየር የመሄድ ዋዜማ ነው።

ወይንእሸት፦ ጎማው ሄደ እኮ። መካኒኩ እያንከባለለ ወሰደው።

እንዳለው፦ ይመለሳል።

ወይንእሸት፦ ወደ እርስዎ በኩል ዘምመናል።

እንዳለው፦ እየተስተካከለ ነው።

[ፋንታ ተመልሶ መጣ። ሰማያዊው ሊነሳ አምስት ደቂቃ እንደቀረው፣ ሁለት ወንበር ይዞላቸው እንደቆየ፣ መምህር እባክዎን ይውረዱ ብሎ እየለመነ ተናገረ።]

እንዳለው፦ ሁለት ወንበር አለ። እኛም ሁለት ነን። ይህ እንዲያው በአጋጣሚ ይመስልሻል?

ወይንእሸት፦ አይመስለኝም። ቆጥሮን ነው።

እንዳለው፦ የዋህ ነሽ። በጣም ሲለምንሽ ነው መጠርጠር ያለብሽ። ሰም ሲለሰልስ ወርቁ ቀርቧል ማለት ነው።

ወይንእሸት፦ እኔ መውረዴ ነው ጋሼ። «የሞጣ ሰው ወደ ሰማያዊው» ተባለ፤ እኔ የሞጣ ሰው ነኝ።

እንዳለው፦ ጋቢና ትተሽ? ከዶሮ ጋር ልትቀመጪ?

ወይንእሸት፦ ዶሮዋ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሞጣ ትደርሳለች።

እንዳለው፦ ሂጂ እንግዲህ። መቼቱ ምንድን ነው ስትባዪ ምድጃ ነው ብለሽ ስትመልሺ፣ ያን ጊዜ ታስታውሺኛለሽ።

ወይንእሸት፦ ኧረ ይምጡ፣ በእናትዎ። ለብቻዬ እንግሊዝኛው ያስፈራኛል። እርስዎ ካሉ ቢያንስ ከእኔ የባሰ የሚያስረዝም ሰው ይኖራል።

እንዳለው፦ እደርሳለሁ አልኩሽ። ይህን ቦታ ከለቀቅሁት ይይዙብኛል።

ወይንእሸት፦ ማን ነው የሚይዝብዎት? መኪናው ውስጥ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

[ወርዳ በሩን ያዘችለት። የእንዳለው እጅ መክፈቻው ላይ ነበር፤ በሩን ግን ወደ ውስጥ ነበር የሚስበው። ወይንእሸት አየችው። አውቶብሱ ጥሩንባውን ነፋ። በሩን ለቀቀችና ሮጠች።]

[ሞጣ፣ የርቀት ትምህርት ማዕከሉ ግቢ። ከቀኑ አሥር ሰዓት። ወይንእሸት ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ስልክ ትደውላለች።]

ወይንእሸት፦ ሃሎ ጋሼ። የት ደረሱ?

እንዳለው፦ መንገድ ላይ ነኝ።

ወይንእሸት፦ የቱ ጋ?

እንዳለው፦ መነሻው ላይ።

ወይንእሸት፦ ጋቢናው ውስጥ?

እንዳለው፦ ለጊዜው።

ወይንእሸት፦ ጎማውስ ተመለሰ?

እንዳለው፦ ለሌላ መኪና ገጠሙት። ደብረ ወርቅ ደርሶ ይሆናል።

ወይንእሸት፦ ከእርስዎ በላይ ተጉዟላ። ምሳስ በሉ?

እንዳለው፦ ፋንታ ሽሮ አምጥቶልኛል። ሲያመጣልኝ ፊቱን ብታዪው፣ አንዳች የደበቀው ነገር አለ።

ወይንእሸት፦ ሳቁን ነው።

እንዳለው፦ ተዪው እሱን። መምህርቷ ምን ጠየቀችሽ?

ወይንእሸት፦ አግነስ ለምን አልተሳፈረችም አለችኝ። ስለ ከሰሉና ስለ ትንሿ ክፍል ነገርኳት። እንግሊዝኛዬ ሁለት ቦታ ላይ ተሰበረ፤ እሷ እየጠገነችልኝ ጨረስኩ።

እንዳለው፦ የዘመናዊው ሰው ነፍስ ናት አላልሽም?

ወይንእሸት፦ ከእኔ በፊት የገቡት ሦስት ተማሪዎች ብለውላት ነበር። ነፍስ፣ ሞት፣ ዘመን፣ ዝምታ። ሦስቱም እርስዎ ያስጠኗቸው ናቸው።

እንዳለው፦ እና እንዴት ሆኑ?

ወይንእሸት፦ ለሚመጣው ዓመት ይሞክራሉ።

እንዳለው፦ አንቺስ?

ወይንእሸት፦ ከሃያ አሥራ ስምንት። ነገ ከነገ ወዲያ ወረቀቴን ይዤ እመዘገባለሁ። አቀበቱን ልሰናበተው ነው።

እንዳለው፦ እንኳን ደስ ያለሽ። በምድጃ ብቻ አሥራ ስምንት?

ወይንእሸት፦ በምድጃውስ አሥር ነው። መጨረሻ ላይ «ከምታውቁት አካባቢ እንዲህ ያለ አጭር ታሪክ ራሳችሁ ፍጠሩ፤ ገፀ ባሕርይው፣ መቼቱ፣ ምልክቱ ይለይ» አለች። ስምንቱ ከዚያ መጣ።

እንዳለው፦ የአክስትሽን ነገር አወጣሽው።

ወይንእሸት፦ ላወራላት ነበር። አፌን ስከፍት ግን ሌላ መጣልኝ። አንድ ሰው አለ አልኳት። ቢቸና መናኸሪያ፣ የማይሄድ መኪና ውስጥ፣ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ወርዷል። ዶሮም ወርዷል። ጎማውም ሄዷል።

[ስልኩ ውስጥ የመካኒክ መዶሻ ሲቀጠቅጥ ይሰማል።]

ወይንእሸት፦ ስም አልጠራሁም ጋሼ።

እንዳለው፦ ለምን አልወረደም አልሽ?

ወይንእሸት፦ ሰውየው ልቦለዱን አላነበበውም አልኳት። አላነበብኩም ብሎ መናገር ደግሞ አይችልም፣ ከተማውን ሁሉ የሚያስጠናው እሱ ነው። ስለዚህ መኪና አመለጠኝ ሊል ነው።

[መዶሻው ቆመ። እንዳለው ጉሮሮውን ጠረገ።]

እንዳለው፦ ለመሆኑ ሰውየው… ሌላ ጊዜ መሞከር ይችላል አለች?

ወይንእሸት፦ ስድስቱን ገጽ ካነበበ ይችላል። ቅዳሜ እኛ ቤት ይምጣ፣ ልጄ ቀን ሲተኛ አብረን እናነበዋለን። መነጽሩን ግን እንዳይረሳ።

እንዳለው፦ ይመጣ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ምልክቱንስ? ያ የሄደው ጎማ የምን ምልክት ነው አልሻት?

ወይንእሸት፦ እሷም ይህንኑ ጠየቀችኝ። የምንም ምልክት አይደለም፣ ጎማው ጎማ ነው አልኳት።